«ወይነኛ» ማን ነው? የቡርጎኝ ትንንሽ የቀይ ወይን ጠጅ ጠማቂዎች ታሪክና የአማርኛ ስያሜዎቻችን

መግቢያ

ሙያዊ ቃል ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ብቻውን አይሻገርም። ቃሉን የወለደው የሥራ ክፍፍል፣ የመሬት ይዞታና የንግድ ልማድ አብሮት ይጓዛል፤ ተርጓሚው ካላስተዋለ ደግሞ መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የወይን ጠጅ ሙያ ነው። ፈረንሳይኛ ወይኑን ተክሎ ጠጁንም ራሱ የሚጠምቀውን ሰው «ቪኜሮን»፣ ከሌሎች እጅ ገዝቶ የሚሸጠውን «ኔጎሲያን»፣ የመሬቱን ባለቤት ደግሞ «ፕሮፕሪዬቴር» ይለዋል። በአማርኛ ሦስቱንም «ወይን አምራች» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ዐረፍተ ነገሩም የሰዋስው ስሕተት አይገኝበትም። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሰዎች መካከል ለብዙ ዘመን የቆየ ክርክር ነበር። ክርክሩ በፍርድ ቤት፣ በሕግ አውጪው ምክር ቤትና በጠርሙስ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ሳይቀር ተካሂዷል። «አምራች» የሚለው አንድ ቃል ይህን ክርክር በሙሉ ይሰርዘዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በቡርጎኝ የሚኖሩትን ትንንሽ የቀይ ወይን ጠጅ ጠማቂዎች ታሪክ ባጭሩ ተርኮ፣ ከታሪኩም ተነሥቶ ለአማርኛ ይስማማሉ የሚላቸውን ስያሜዎች ለውይይት ማቅረብ ነው። ቡርጎኝ የተመረጠችበት ምክንያት የስምና የሥራ ግንኙነት እንደዚያ አገር ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ጥቂት በመሆኑ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ያሉን ቃላት ከየት መጡ?

በግዕዝ «ወይን» ተክሉንም፣ የተክሉን ቦታም፣ መጠጡንም ያመለክታል። ቦታውን ለይቶ መናገር ሲያስፈልግ «ዐጸደ ወይን» ይባላል፤ ፍሬው የሚረገጥበት ስፍራ ደግሞ «ኬደ»፣ ማለትም ረገጠ፣ ከሚለው ግስ ወጥቶ «ምክያደ ወይን» ተብሏል። አማርኛ የግዕዙን ቃል እንዳለ ከተቀበለ በኋላ መጠጡን ለመለየት «ጠጅ» የሚለውን ጨመረበት፤ «ወይን ጠጅ» ወይም «የወይን ጠጅ» አለ። ይህ ጥምረት ሊስተዋል ይገባል። ጠጅ በመሠረቱ ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ የሚጣል መጠጥ ነው። ስለዚህ አማርኛ ከወይን የሚገኘውን መጠጥ የሰየመው በቤቱ ከሚያውቀው መጠጥ ጋር በማዛመድ ነው። ጥምሩ ቃል ከመጠጡ አልፎ የቀለም ስም እስከ መሆን ደርሷል፤ «ወይን ጠጅ ቀሚስ» ስንል መጠጡን የሚያስብ የለም።

እዚህ ላይ ሁለት የቃል ምንጮች እንዳሉን እናያለን። ስለ ተክሉና ስለ ቦታው የምንናገርባቸው ቃላት በአብዛኛው ከመጻሕፍት የመጡ ናቸው። ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ የሚዘጋጅ በመሆኑ፣ የወይን ማሳ በሌለበት ደብርም «ዐጸደ ወይን» የሚለው ቃል ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነበብ ኖሯል። ስለ መጠጥ አጣጣል የምንናገርባቸው ቃላት ግን፣ ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ ብርዝ፣ ጉሽ፣ አምቡላ፣ አተላ የሚሉት፣ ከጓዳ የመጡ ናቸው። የመጽሐፉና የጓዳው ቃል እስከ ዛሬ በአንድ ሙያ ሥር ተሰባስበው አልተደራጁም። የጎደለን ቃል ሳይሆን ያሉትን ቃላት በቦታ በቦታቸው ማስቀመጡ ነው።

2. ማሳ ስም ያገኘበት ዘመን

የቡርጎኝ ዋነኛው የቀይ ወይን አገር ከዲዦን ከተማ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ፣ ኮት ዶር የተባለ ጠባብ ተዳፋት ነው። በ1098 በዚያው አቅራቢያ የሲቶ ገዳም ተመሠረተ፤ መነኮሳቱም በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በቩዦ ወይን ማልማት ጀመሩ። ቀስ በቀስ 50 ሄክታር ያህል መሬት አሰባስበው በድንጋይ አጠሩት። በአጥር የተከለለ ማሳ በፈረንሳይኛ «ክሎ» ስለሚባል ቦታው «ክሎ ደ ቩዦ» ተባለ። መነኮሳቱ በየማሳው የሚበቅለውን ፍሬ ጣዕም እየለዩ መከታተላቸው በማሳና በስም መካከል ለተፈጠረው ጽኑ ግንኙነት መሠረት እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል።

የዓለማውያኑ ገዥዎችም ድርሻ ነበራቸው። በ1395 የቡርጎኙ መስፍን «ደፋሩ ፊሊፕ» ጋሜ የተባለው የወይን ዝርያ ከግዛቱ እንዲነቀል አዘዘ። ጋሜ ብዙ ፍሬ የሚሰጥና ቶሎ የሚደርስ ስለሆነ ገበሬው ይወደው ነበር፤ መስፍኑ ግን የአገሩን የወይን ጠጅ ስም ያበላሻል ብሎ ፈረደበት። ለቀዩ ጠጅ እየገነነ የሄደው ፒኖ ኗር ነው። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት እንኳ ክርክሩ በብዛትና በስም መካከል እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

በተዳፋቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ማሳ በስም የሚጠራ ሲሆን የቡርጎኝ ሰው እንዲህ ያለውን ማሳ «ክሊማ» ይለዋል። ተርጓሚ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። «ክሊማ» በተራው ፈረንሳይኛ የአየር ንብረት ማለት ነው፤ ሁለቱም ፍቺዎች የሚመነጩት ዘንበል ማለትን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው። በቡርጎኝ ወይነኞች አፍ ግን ቃሉ ወሰኑ የታወቀ፣ ስም ያለው፣ ጠጁም ከጎረቤቱ ማሳ ጠጅ የሚለይ መሬት ማለት ነው። በ2015 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የቡርጎኝን ክሊማዎች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ቁጥራቸው 1,247 ነበር። ይህን «1,247 የአየር ንብረቶች» ብሎ የሚተረጉም ሰው መዝገበ ቃላቱን አልተሳሳተም፤ ማሳውን ግን ስቶታል። የደጋው አርሶ አደራችን ማሳውን በዛፉ፣ በአፈሩ ቀለም ወይም ቀድሞ በያዘው ሰው ስም እንደሚጠራ ለምናውቅ ለእኛ ጉዳዩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

በ1789 አብዮቱ ሲነሣ የቤተ ክርስቲያን መሬት የመንግሥት ንብረት ሆኖ ተሸጠ። በ1804 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ርስት ለልጆች ሁሉ በእኩል እንዲከፈል አስገደደ። በዚህም ምክንያት ማሳው በየትውልዱ እየተሸነሸነ ሄደ። ክሎ ደ ቩዦ በአንድ እጅ መያዙ በ1889 አብቅቶ ዛሬ 80 ያህል ባለቤቶች ተከፋፍለውታል። የቡርጎኝ ወይነኛ ትንሽ የሆነው እንግዲህ ትንሽነትን መርጦ ሳይሆን ሕግና ውርስ ትንሽ አድርገውት ነው። አንድ ቤተ ሰብ በተለያዩ መንደሮች ጥቂት ጥቂት ረድፍ ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ እያንዳንዱ ረድፍ ግን የራሱ ስም አለው።

3. ተካዩና ጠማቂው ሲለያዩ

ጥቂት ረድፍ ያለው ሰው ጠጁን እንዴት ይሸጣል? ጠርሙስ መግዣ ገንዘብ፣ ጠጁን የሚያቆይበት ሰፊ ምድር ቤትና በሩቅ አገር ያለ ደንበኛ አልነበረውም። መከሩ እንደ ገባ ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ ወይኑን በፍሬው ወይም ጠጁን በ228 ሊትር በርሜል ለከተማ ነጋዴ ይሸጥ ነበር። በቦንና በኑዊ ከተሞች የነበሩት የንግድ ቤቶች የቆዩ ናቸው፤ ሻምፒ የተባለው በ1720፣ ቡሻር በ1731 ተመሥርተዋል። ነጋዴው ከብዙ ገበሬዎች የገዛውን ጠጅ በምድር ቤቱ አደባልቆና አቆይቶ በራሱ ስም ይሸጣል። ይህ ሥራ በራሱ ነውር የለበትም፤ ሙያም ይጠይቃል። ጉዳቱ ግን የተካዩ ስም በርሜሉ ከቤቱ እንደ ወጣ መጥፋቱ ነበር።

በ1878 ፊሎክሴራ የተባለው ሥር መጣጭ ተባይ በኮት ዶር፣ በሜርሶ መንደር ታየ። ከዚያ በፊት ወይነኛው ተክሉን የሚያበዛው ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጎ አፈር በማልበስ ስለ ነበር ማሳው በረድፍ ያልተተከለ፣ እንደ ጫካ የተደበላለቀ ነበር። ተባዩ ይህን ሁሉ አጠፋ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው የአገሩን ቀንበጥ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ እየቀጠሉ መትከል ሆነ፤ ማሳውም በረድፍ የተሰለፈው ከዚያ ወዲህ ነው። ዳግም ተከላው ብዙ ገንዘብ የጠየቀ ሲሆን ጠጅ በጠፋበት ዘመን ከደቡብ ፈረንሳይና ከአልጄሪያ የመጣ ጠጅ በታወቁ የቡርጎኝ ስሞች መሸጡ ተስፋፋ።

መንደሮቹም በስም ረገድ የራሳቸውን ዘዴ ፈጥረው ነበር። በ1847 ዥቭሬ የተባለችው መንደር የዝነኛውን ማሳዋን ስም በስሟ ላይ ቀጥላ «ዥቭሬ-ሻምበርታን» ተባለች። በ1892 ኑዊ «ኑዊ-ሳን-ዦርዥ»፣ በ1927 ሞሬ «ሞሬ-ሳን-ደኒ» ሆኑ። ይህ ለተርጓሚ ሁለተኛው ወጥመድ ነው። «ሻምበርታን» 13 ሄክታር ገደማ የሆነ አንድ ማሳ ሲሆን «ዥቭሬ-ሻምበርታን» ግን በመንደሪቱ ዙሪያ ካለው ሰፊ መሬት የሚገኘው ጠጅ ስም ነው። ጽሑፍ ለማሳጠር የመጀመሪያውን ክፍል የሚቆርጥ ተርጓሚ የመንደሩን ጠጅ ወደ ማሳው ማዕርግ ከፍ ያደርገዋል፤ ገዢውንም ሳያውቅ ያታልላል።

4. ስም ንብረት ሲሆን

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ክርክሩ ወደ ሕግ ገባ። በ1905 በምርትና በሽያጭ ላይ የሚፈጸም ማጭበርበርን የሚከለክል ሕግ ወጣ። የ1919ኙ ሕግ ደግሞ ስማችን ያለ አግባብ ተወሰደ የሚሉ ወገኖች ፍርድ ቤት እንዲከሱ መንገድ ከፈተ። ሆኖም ሕጉ በዋናነት የሚመለከተው የቦታን ስም እንጂ የወይኑን ዝርያና የምርቱን መጠን ስላልነበረ፣ በጥሩ ማሳ ላይ መጥፎ ዝርያ የተከለ ሰውም ስሙን ሊጠቀምበት ይችል ነበር። ይህን ጉድለት ለማረም የደከመው የሕግ አውጪው ምክር ቤት አባልና የቀድሞው የግብርና ሚኒስትር ዦዜፍ ካፑስ ነው። በሐምሌ 1935 በወጣው ድንጋጌ ስም፣ ቦታ፣ ዝርያ፣ የምርት ልክና የአሠራር ልማድ በአንድ ላይ ተሳሰሩ፤ በቁጥጥር የሚጠበቀው የመገኛ ስያሜ ሥርዓትም ተቋቋመ። የቡርጎኝ ስያሜዎች ብዙዎቹ የተደነገጉት ከ1936 ጀምሮ ነው።

ሕጉ ብቻውን ግን አልበቃም። በቮልኔ ማርኪ ዳንዠርቪል፣ በኑዊ-ሳን-ዦርዥ አንሪ ጉዥ፣ በዥቭሬ-ሻምበርታን አርማን ሩሶ የሐሰተኛ ስያሜን ንግድ ተቃውመው ቆሙ። የነጋዴው በር ሲዘጋባቸው ጠጃቸውን ራሳቸው በጠርሙስ እያሸጉ በገዛ ስማቸው መሸጥ ያዙ። በ1927 ስለ ፈረንሳይ ወይን ጠጅ የሚጽፍ መጽሔት የመሠረተው ሬሞን ቦዱዋን ከፓሪስ ምግብ ቤቶች ጋር አስተዋወቃቸው። በ1933 በአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ ሲነሣ አስመጪው ፍራንክ ስኩንሜከር በቀጥታ ከእነርሱ መግዛት ጀመረ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ጥቂቶች የጀመሩት ሥራ ከ1970ዎቹ ወዲህ ልማድ ሆነ። በጠርሙሱ ወረቀት ላይ «በይዞታው የታሸገ» የሚለው ሐረግ ዛሬ እንደ ማስጌጫ ይነበብ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን የክስ መልስ ነበር፤ የተከልሁት እኔ፣ የጠመቅሁትም እኔ፣ ያሸግሁትም እኔ ነኝ ማለት ነው።

የስም ጉዳይ የኑሮ ጉዳይ መሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉት የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት ባመለከተች ጊዜ የተነሣው ጥያቄ ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ስሙ የማን ነው? ከስሙስ የሚገኘው ጥቅም ለማን ይደርሳል? መንገዶቹ ይለያያሉ፤ የቡርጎኝ ወይነኛ የመገኛ ስያሜን፣ ኢትዮጵያ የንግድ ምልክትን መርጠዋል። ስለዚህ «የመገኛ ስያሜ» እና «የንግድ ምልክት» በትርጉም ሥራ አንዱ በሌላው ቦታ ሊገቡ አይገባም።

5. አንድ ምሳሌ፤ አንሪ ዣዬና ክሮ ፓራንቱ

ከ1922 እስከ 2006 የኖረው የቮን-ሮማኔው ተወላጅ አንሪ ዣዬ የታሪኩ ክፍሎች ሁሉ የሚገናኙበት ሰው ነው። በ1945 የካሙዜ ቤተ ሰብን ማሳ «ሜቴያዥ» በተባለው ውል ተረከበ። በዚህ ውል ባለመሬቱ መሬቱን፣ ሠራተኛው ጉልበቱን አቅርበው ምርቱን ይካፈላሉ። ለዚህ ቃል አማርኛ አዲስ ስያሜ መፍጠር አያስፈልገውም፤ «የእኩል» እና «የሲሶ» እርሻን የሚያውቅ ሕዝብ ቋንቋ ነውና «የእኩል አራሽ» የሚለው ይበቃዋል።

ክሮ ፓራንቱ የተባለው ማሳ አንድ ሄክታር ገደማ ነው። በጦርነቱ ዘመን ወይን ቀርቶበት ለምግብ የሚሆን ሥራሥር ይበቅልበት ነበር። ዣዬ አለቱን በድማሚት እየፈነቀለ ማሳውን እንደገና ወይን ተከለበት። ፍሬውን ከዘለላው አገዳ ሙሉ በሙሉ እየለየ፣ መፍላት ከመጀመሩም በፊት ጥቂት ቀን በቅዝቃዜ እያቆየ ይጠምቅ ነበር። የማሳውን ጠጅ በማሳው ስም ለብቻው ያሸገው ግን በ1978 ነው። በነዚህ ሠላሳ ሦስት ዓመታት ውስጥ አንድ ሰው የእኩል አራሽ፣ ተካይ፣ ጠማቂና አሻጊ ሆኗል። «አምራች» ብንለው ከእነዚህ የትኛውን ማለታችን ነው?

6. የቀይ ወይን ጠጅ አሠራርና የጓዳ ቃላት

ቀይ ወይን ጠጅ ቀይ የሚሆነው በቆዳው ምክንያት ነው። የፒኖ ኗር ፍሬ ቆዳው ቢጠቁርም ጭማቂው ቀለም የለውም ለማለት ይቻላል። ነጭ ጠጅ ሲሠራ ፍሬው አስቀድሞ ተጨምቆ የሚፈላው ጭማቂው ብቻ ሲሆን፣ ቀይ ጠጅ ሲሠራ ግን ቆዳና ጭማቂ አብረው ይፈላሉ። ለዚህ አብሮ ለሚፈላ ወፍራም ነገር የባዕድ ቃል ፍለጋ የሚሄድ ተርጓሚ የጠላን «ድፍድፍ» ያስታውስ። በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ነጩ ከጭማቂ፣ ቀዩ ከድፍድፍ ይሠራል ብሎ መናገር ይቻላል። ማፍላት የሚጀምረው እርሾ ያለበት ክፍል «ጥንስስ» ነው። በሚፈላበት ጊዜ ቆዳው ወደ ላይ እየወጣ ስለሚደርቅ በእግር ወይም በእንጨት እየተረገጠ ወደ ታች ይመለሳል፤ ግዕዙ «ምክያድ» ያለው ርግጫ ዛሬም በአንዳንድ ትንንሽ ቤቶች አልቀረም።

ከዚያ ጠጁ በበርሜል ከ12 እስከ 18 ወር ያህል ይቆያል። በበርሜሉ ሥር የሚዘቅጠውን «አተላ» ማለት ፈጣኑ ትርጉም ነው፤ ነገር ግን «አተላ» በአማርኛ ስድብም ሆኖ ስለሚያገለግል ዝቃጩን ከንቱ ነገር ያስመስለዋል። ወይነኛው ግን ጠጁን ሆን ብሎ ከዝቃጩ ጋር ያቆየዋል፤ ለጣዕሙ ይጠቅማልና። የጠጁ ዝቃጭ «አምቡላ» ለዚህ የተሻለ ነው። ስኳሩ ፈልቶ ያለቀውን ጠጅም «ደረቅ» ለማለት አንቸገርም፤ በጠጅ ቤት ደረቅ፣ መካከለኛና ለስላሳ መባሉ የቆየ ነው።

የመጠኑንም ነገር በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለከፍተኛው ማዕርግ ቀይ ጠጅ የሚፈቀደው ምርት በብዙ ማሳዎች በሄክታር 35 ሄክቶ ሊትር አካባቢ ነው፤ ይህም 4,600 ጠርሙስ ያህል ይሆናል። ሩብ ሄክታር ያለው ወይነኛ ከዚህ ማሳ በዓመት የሚያገኘው አራት በርሜል የማይሞላ ጠጅ ነው። «ትንሽ» የሚለው ቅጽል በዚህ ሙያ ውስጥ ይህን ያህል ትንሽ ማለት ነው።

7. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ከላይ በተዘረዘረው መሠረት የሚከተሉት ስያሜዎች ቀርበዋል።

ሀ) ወይን ተካይ፤ ፍሬውን አልምቶ ለሌላ የሚሸጥ።

ለ) ወይን ጠማቂ፤ ከራሱም ሆነ ከሌላ ሰው ፍሬ ጠጁን የሚሠራ። እዚህ ላይ «ጠጅ ጣይ» የሚለው የተለመደ ቃል ይቀርባል ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ የማር ጠጅ ይጣላል፣ ጠላ ይጠመቃል እንጂ። ሆኖም «ወይን ጣይ» ወይንን የሚጥል፣ የሚያስወግድ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በሌላ በኩል የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ወይን የሚረገጥበትን ቦታ «መጥመቂያ» ስለሚለው «ጠመቀ» ለወይንም ምስክር አለው።

ሐ) ወይነኛ፤ ተክሎ የሚጠምቅ፣ ማለትም «ቪኜሮን»። ፈረንሳይኛው ከ«ቪኝ»፣ ከወይን ተክል፣ በቅጥያ እንደ ተሠራ ሁሉ አማርኛውም በ«-ኛ» ይሠራል። የሚነሣው ተቃውሞ «-ኛ» መርከበኛና ፈረሰኛ እንደሚለው ሙያን ብቻ ሳይሆን ሱሰኛ እንደሚለው ልማድንም ማመልከቱ ነው። ወይነኛ የወይን ጠጅ አፍቃሪ እንዳይመስል ቃሉ መጀመሪያ በሚገባበት ቦታ ፍቺው አብሮ ቢሰጥ ይበቃል፤ አጠቃቀም ቀሪውን ያጸናዋል።

መ) አቆይ ነጋዴ፤ ጠጅ ገዝቶ በምድር ቤቱ አቆይቶ የሚሸጥ። ፈረንሳይኛው «አሳዳጊ» የሚል ቃል ይጨምርበታል፤ በአማርኛ ግን ጠጅ ይቆያል፣ ይደርሳል እንጂ አያድግም።

ሠ) የእኩል ወይነኛ፤ በሜቴያዥ ውል የሚሠራ።

ረ) ባለስም ማሳ፤ «ክሊማ»።

ሰ) ክሩ፤ በውሰት ቢቆይ ይሻላል። ቃሉ ከመብቀል ግስ የወጣ ስለሆነ «በቀለ» ከሚለው ልንሠራለት ብንሞክር፣ «በቀል» ጥላቻን፣ «ብቅል» የጠላን እህል፣ «ቡቃያ» ጨቅላውን ተክል አስቀድመው ይዘውታል። ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን በማዕርጉ ላይ የሚደርሰው ነው። «ፕርሚዬ ክሩ» በቃሉ «አንደኛ» ቢልም በቡርጎኝ ከ«ግራን ክሩ» ቀጥሎ የሚመጣ ሁለተኛ ማዕርግ ነው። ስለዚህ «አንደኛ ደረጃ» ተብሎ መተርጎም የለበትም፤ «ታላቅ ክሩ» እና «ቀዳሚ ክሩ» ተብለው ከነቅደም ተከተላቸው ይገለጹ።

መደምደሚያ

ይህ ሁሉ ልዩነት ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በቡርጎኝ የማሳ ዋጋ እጅግ በመናሩ ወላጆች ያቆዩትን ጥቂት ረድፍ ወንድምና እኅት ሲካፈሉት አንዱ የሌላውን ድርሻ መግዛት ያቅተዋል። በሞሬ-ሳን-ደኒ ክሎ ዴ ላምብሬ በ2014፣ ክሎ ደ ታር በ2017 ወደ ታላላቅ የቅንጦት ዕቃ ኩባንያዎች ባለቤቶች እጅ አልፈዋል። በሌላ በኩል መሬት መግዛት ያልቻሉ ወጣቶች ፍሬ እየገዙ በጥቂት በርሜል ብቻ የሚጠምቁ ሆነዋል። እነዚህ በሕግ ዓይን ነጋዴዎች፣ በሙያቸው ጠማቂዎች ናቸው፤ ወይነኞች ግን አይደሉም፤ ራሳቸውም ልዩነቱን ያውቁታል። የአያቶቻቸው ዘመን ያገናኛቸው ተካይና ጠማቂ እንደገና ሲለያዩ የምናይበት ጊዜ ነው።

ይህን ለውጥ በአማርኛ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ሦስት ሰዎችን የሚለይ ሦስት ቃል ያስፈልገዋል። ቃላቱ ከላይ ቀርበዋል፤ የተሻለ ያለው ያሻሽላቸው። አንዱን ቃል በሌላው መተካት ግን አይገባም፤ ስሙ በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደውን ሰው በትርጉማችን ውስጥ ስም አልባ ማድረግ ይሆናልና።